ባለቤቴ አንጉዊላ ኩባንያ እንክፈት ይላል፤ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁሌም እከታተላለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ነርስ ነኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ሁለታችንም የአሜሪካ ዜግነት ወስደናል። ባለቤቴ የቅጥር ሥራውን ለቅቆ በራሱ መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ደንበኞቹ አንድ የጀርመን ድርጅትና ሁለት የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። የሚሠራው ቤታችን፣ ቤዝመንት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ገቢው እግዚአብሔር ይመስገን ጥሩ ነው። ችግሩ የመጣው ባለፈው ኤፕሪል ነው። ታክስ ስናሠራ 31 ሺህ ዶላር ትከፍላላችሁ ተባልን። ባለቤቴ ክው አለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ከቁጠባችን ቀንሰን፣ የጎደለውን በክሬዲት ካርድ ሞልተን ከፈልን።

የመጀመሪያ ልጃችን የክርስትና አባት፣ አበልጃችን፣ ዱባይ ነው የሚኖረው። ባለቤቴ ሲያማርር ሰምቶ፣ "ለምን ትቃጠላለህ? ካሪቢያን ውስጥ አንጉዊላ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ኩባንያ ክፈት፤ ደንበኞችህ ለኩባንያው ይክፈሉ፤ ታክሱ ዜሮ ነው። እኔ ራሴ ከከፈትኩ ቆየሁ" አለው። ኩባንያውን ከሚከፍተው ወኪል ጋር ያገናኘውም እሱ ነው። መክፈቻው 3,500 ዶላር ነው። ባለቤቴ ግማሹን ሳይነግረኝ ልኳል። አክሲዮኑ አዲስ አበባ ባለችው እህቱ ስም እንዲሆን ተመክሯል፤ "አሜሪካዊት ስላልሆነች ማንም አይጠይቃትም" ተብሎ። እህቱ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። የፓስፖርቷን ኮፒ ልካለች፤ ለምን እንደሆነ ግን በደንብ የገባት አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ዳይሬክተር ሆኜ እንድፈርም፣ የባንክ አካውንቱንም እኔ እንዳንቀሳቅስ ይፈለጋል። ለቤት መግዣ ካጠራቀምነው 40 ሺህ ዶላር ወደዚያ ይዛወራል ተብሏል።

ሕጋዊ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ "ሀብታም ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ወንጀል የሚመስልሽ አንቺን ብቻ ነው" አለኝ። ደግሜ ስጠይቀው፣ "እኔን አታምኚኝም ማለት ነው" ብሎ ተነስቶ ወጣ። አሁን አኩርፏል። አበልጃችንንም ምን ብዬ እንደምቃወመው ጨነቀኝ። ባለቤቴ ሥራ ባጣበት ጊዜ የቤት ኪራያችንን ይልክልን የነበረው እሱ ነው። የክፉ ቀን ሰው ነው።

ወንጀል ነው ወይ? ብፈርም ምን ይመጣብኛል? ባልፈርምስ ትዳሬም አበልጅነታችንም ሳይበላሽ የምወጣበት መንገድ ይኖር ይሆን?

ስሜ ይቆይ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ እህቴ፤

ወረቀቱን አትፈርሚ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናወራዋለን፤ ይህን ግን ማስቀደም ፈለግሁ። ከፈረሙ በኋላ መውጣት ከባድ ነው። አለመፈረም ግን ነገም ከነገ ወዲያም ይቻላል። ባለቤትሽ ዛሬ ማታ "ታዲያ ምን ወሰንሽ?" ካለሽ፣ "እምቢ አላልኩም፤ ገና አልገባኝም" በይው። እውነትሽን ነው። አንቺ ነርስ ነሽ። አንድ ሕመምተኛ ምን እንደሚደረግለት ሳይገባው የቀዶ ሕክምና ስምምነት አይፈርምም። ላንቺም ያው ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከታክሱ በፊት ዓይኔ ያረፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ገንዘቡ ሲላክ አልተነገረሽም። ፊርማ ሲፈለግ ግን ያንቺ ስም ተጠራ። ይህ ቅር ቢያሰኝሽ ተገቢ ነው። "አታምኚኝም" መባልሽ ጥፋተኛ እንዳስመሰለሽ ይገባኛል። እኔ ግን የመጠየቅ መብትሽን እንጂ እምነት ማጣትሽን አላየሁም። ባለቤትሽንም ክፉ አድርጌ አላየሁትም። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ አባት ነው። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የተዘረጋለትን እጅ ይይዛል። የተዘረጋው ደግሞ የሚወደው ሰው እጅ ነው።

ወንጀል ነው ወይ ላልሽኝ፣ አንጉዊላ ላይ ኩባንያ መክፈት በራሱ ወንጀል አይደለም። አንጉዊላ የብሪታንያ የባሕር ማዶ ግዛት ናት። ርዝመቷ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰፊ በሚባለው ቦታ ስፋቷ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ሕዝቧ 16 ሺህ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 "ከጎረቤት ደሴት ከሴንት ኪትስ ጋር አንተዳደርም" ብለው ፖሊሶቹን ከደሴቷ ያስወጡ ሰዎች አገር ናት። ወርቅ የላትም፣ ነዳጅ የላትም። ቱሪዝም አላት፤ የኩባንያ ምዝገባ አላት። በድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ የሚገባው ነጥብ ኤ.አይ (.ai) የእሷ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ኤ.አይ የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲጦፍ በ2023 ብቻ ከዚያ ሽያጭ 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብታለች። ከመንግሥቷ ገቢ ከአምስት አንዱን ይበልጣል። ሕዝቧ ያለውን ይዞ የሚሠራ ሕዝብ ነው፤ የሌባ ዋሻ አድርገን እንድናያት አልፈልግም። በተለያየ አገር የሚኖሩ ሸሪኮች አንድ ላይ ንብረት ሲይዙ፣ "ያንተ አገር ሕግ ወይስ የእኔ?" ከሚባባሉ የእንግሊዝን ሕግ የምትከተል፣ የመጨረሻ ይግባኟ ለንደን የሚታይ ደሴት ላይ መመዝገቡ ይቀላቸዋል። እንዲህ ያለው ሥራ በግልጽ ይሠራል፤ ማንንም አያስጨንቅም።

"ታክሱ ዜሮ ነው" የተባለውም ውሸት አይደለም። አንጉዊላ የገቢ ግብር የላትም። ግን ዜሮ የሆነው ለአንጉዊላ የሚከፈለው ነው። አሜሪካ የምትጠይቀው እዚያው አለ።

አበልጃችሁ የረሳው ይህን ይመስለኛል። እሱ ዱባይ ነው። ኤምሬትስ የግል ገቢ ግብር አትጠይቅም፤ እሱም አሜሪካዊ ካልሆነ የአሜሪካ መንግሥት አያገኘውም። ለእሱ የሠራለት ለዚህ ነው። (እሱም ቢሆን ቢጠነቀቅ ይሻለዋል፤ ኤምሬትስ ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ 9 በመቶ የኩባንያ ግብር አስገብታለች። ኩባንያው ደሴት ላይ ተመዝግቦ ዱባይ ሆኖ የሚመራው ከሆነ ሊነካው ይችላል።) አሜሪካ ግን ዜጋዋን በሄደበት ትከተለዋለች። ዜጋውን በዜግነቱ ብቻ ግብር የሚጠይቅ አገር በዓለም ላይ እንግዲህ ማን አለ? አሜሪካና ኤርትራ ናቸው የሚጠቀሱት። የኤርትራን 2 በመቶ ከጎረቤቶቻችን ሁላችንም ሰምተናል። የአሜሪካው ከዚያ ይከብዳል። ስለዚህ የዱባዩን መድኃኒት ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ዜጋ ማዘዝ አይሆንም።

ሌላው ዋና ነገር ሥራው የሚሠራበት ቦታ ነው። አንቺው ነግረሽኛል፤ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ከአገልግሎት የሚገኝ ገቢ የሚቆጠረው ሥራው በተሠራበት አገር ነው። ደንበኛው ጀርመን ቢሆን፣ ኩባንያው አንጉዊላ ቢሆን፣ ኮዱ የሚጻፈው ሜሪላንድ ነው። ያ ማለት የአንጉዊላው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ እየነገደ ያለ የውጭ ኩባንያ ይሆናል። እንዲህ ያለ ኩባንያ ከትርፉ 21 በመቶ የፌዴራል ግብር ይከፍላል። ከዚያ የተረፈውን ከአሜሪካ ሲያወጣ 30 በመቶ ቅርንጫፍ ትርፍ ግብር ሊጨመርበት ይችላል። ባለቤትሽ ገንዘቡን ለራሱ ሲያወጣ ደግሞ እንደገና በግሉ ይጠየቃል። ከ31 ሺህ ዶላር ሸሽቶ የባሰ ውስጥ መግባት ነው። ይህን ቁጥር ይዘሽ ተቀመጪ፤ ባለቤትሽ የሶፍትዌር ሰው ስለሆነ ከስጋት ይልቅ ቁጥር የሚሰማ ይመስለኛል።

ኩባንያው በግልጽ በስሙ ተከፍቶ ቢሆን እንኳ ወረቀቱ ብዙ ነው። ፎርም 5471 የሚባል አለ። የውጭ ኩባንያ ያለው አሜሪካዊ በየዓመቱ ከታክስ ሪተርኑ (ገቢውን ከሚያሳውቅበት የታክስ ቅጽ) ጋር ያያይዘዋል። ካላያያዘ ቅጣቱ በዓመት ለአንድ ኩባንያ 10 ሺህ ዶላር ነው፤ አምጣ ተብሎ ማስታወቂያ ደርሶት ከዘገየ እስከ 50 ሺህ ሊጨመርበት ይችላል። ፎርሙ እስካልገባ ድረስም የዚያ ዓመት ሪተርን አይዘጋም፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሊያዩት ይችላሉ። ከዚያ ኤፍባር የሚባል የውጭ አካውንት ማሳወቂያ አለ። ውጭ አገር ያለ ገንዘባችሁ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ ታሳውቃላችሁ። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ቅጣቱ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ወይም የአካውንቱን ግማሽ፣ ከሁለቱ እስከሚበልጠው ድረስ ሊሆን ይችላል። ማን ያውቃል እንዳትሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ፋትካ የሚባል ሕግ አለ። የውጭ ባንኮች የአሜሪካውያንን አካውንት ለአሜሪካ ያሳውቃሉ። አንጉዊላም ለዚህ ስምምነት ፈርማለች።

አሁን ወደ እህቱ ልምጣ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የእሷ ነገር ነው።

ኩባንያ መክፈት ወንጀል አይደለም ብዬሻለሁ። በእህቱ ስም ከፍቶ የራስ ገቢ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ሥራውን የሚሠራው እሱ፣ ገንዘቡ የሚመጣው ለእሱ፣ የሚያዘውም እሱ ከሆነ ባለቤቱ እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ይህን አይለውጠውም። "ማንም አይጠይቃትም" የተባለው ምክር ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ሕጉ አለማወቅንና መደበቅን ለይቶ ነው የሚያየው። ፎርም የረሳ ሰው ይቀጣል፤ ይታረማል። በሌላ ሰው ስም የሸፈነ ሰው ግን "ረሳሁ" ማለት አይችልም። ሆን ብሎ ከታክስ ማምለጥ እስከ አምስት ዓመት እስር የሚያደርስ ወንጀል ነው። አንቺ ወንጀል ሸተተኝ ያልሽው ይህን ነው፤ አልተሳሳትሽም።

እስቲ ያቺን እህት በዓይነ ሕሊናሽ አስቢያት። ክፍል ውስጥ ቾክ ይዛ የምትውል ሴት ናት። አንድ ቀን የወኪሉ ወይም የባንኩ ኢሜይል ይደርሳታል። "የዚህ ኩባንያ እውነተኛ ባለቤት አንቺ ነሽ? ገንዘቡ ከየት መጣ? ከጀርመኑ ድርጅት ጋር ያለሽን ውል ላኪ" ይላል። ይህን የሚጠይቁት ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ነው። ምን ብላ ትመልሳለች? "አዎ የእኔ ነው" ካለች ውሸት ፈረመች። "የወንድሜ ነው" ካለች አካውንቱ ይታገዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ የምትኖር ስለሆነችም ውጭ አገር ገንዘብ መያዟ የብሔራዊ ባንክን የውጭ ምንዛሪ ደንብ ይነካል። አያድርገውና ብትሞት ወይም ብትፋታ ደግሞ በወረቀት ኩባንያው የእሷ ነው። የባለቤትሽ የዓመታት ልፋት የወራሽ ክርክር ውስጥ ይገባል። ባለቤትሽ እህቱን እንደሚወድ አልጠራጠርም። እንዲህ አድርጎ አላሰበውም ማለት ነው። ረጋ ብለሽ ጠይቂው፦ "እህትህ ምን እየፈረመች እንደሆነ ነግረሃታል? እኛ ፊት ተቀምጣ ብትጠይቅህ ምን ትላታለህ?"

ላንቺስ? ታክስ የምታስገቡት አብራችሁ ነው ብዬ ልገምት። አብሮ ማስገባት አብሮ መጠየቅ ነው። ለጎደለው ታክስ፣ ለወለዱም ለቅጣቱም አይ.አር.ኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ከሁለታችሁ ከፈለገው ላይ ሙሉውን መጠየቅ ይችላል። ብትፋቱ እንኳ አይቀርልሽም። ባሏ የደበቀባትን የማታውቅ ሚስት ነጻ የምትወጣበት መንገድ አለ። የሚሠራው ግን "አላወቅሁም፣ ልታውቂ ይገባሽ ነበርም አልባልም" ለምትል ነው። አንቺ አውቀሻል። ዳይሬክተር ሆነሽ ከፈረምሽ፣ አካውንቱንም ካንቀሳቀስሽ ደግሞ ኤፍባሩ የራስሽ ግዴታ ይሆናል። የታክስ ሪተርናችሁን አውጪና ስኬጁል ቢ የሚለውን ገጽ ታች ተመልከቺ። "ውጭ አገር ባለ የባንክ አካውንት ላይ ጥቅም ወይም የመፈረም ሥልጣን ነበራችሁ ወይ?" ይላል። መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። ሁለታችሁም እውነት ነው ብላችሁ የምትፈርሙት ከዚያ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ኤፕሪል እዚያ ሳጥን ውስጥ ምን ልታስገቡ አስባችኋል? ይህንንም ጠይቂው። ለመክሰስ ሳይሆን አብራችሁ እንድታዩት።

ስለ 40 ሺህው ዶላር አጭር ነው የምለው፤ አይንቀሳቀስ። ከአንጉዊላ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2013 የምሥራቅ ካሪቢያን ማዕከላዊ ባንክ የደሴቷን ሁለት ባንኮች ችግር ውስጥ ስለገቡ ተረከባቸው። በ2016 አዲስ ባንክ ተቋቁሞ የአገሬው ሰው ሒሳብ ወደዚያ ተዛወረ። በሁለቱ ባንኮች ሥር በነበሩት የኦፍሾር ባንኮች ገንዘብ ያስቀመጡ የውጭ ሰዎች ግን አልተዛወረላቸውም፤ ነገሩ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። እናንተ አሁን ገንዘባችሁን ያስቀመጣችሁበት የአሜሪካ ባንክ እስከ 250 ሺህ ዶላር በመንግሥት ዋስትና የተጠበቀ ነው። የልጆቻችሁን ቤት ከዚያ አውጥቶ የማታውቁት ቦታ ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ? ወኪሉ ለዚህ ምን ምክንያት ሰጠ?

የጀርመኑንም ደንበኛ አስቡት። የአውሮፓ ኅብረት በኦክቶበር 2022 አንጉዊላን በታክስ የማይተባበሩ ባላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። ዝርዝሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደሳል። ጀርመን ደግሞ በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ በዝርዝሩ ላይ ላለ አገር ኩባንያ የሚከፍሉ ድርጅቶቿን ታጠብቅባቸዋለች። ባለቤትሽ አንድ ቀን "ከእንግዲህ ለአንጉዊላው ኩባንያዬ ክፈሉኝ" ብሎ ኢሜይል ሲልክ የሒሳብ ክፍላቸው ምን የሚል ይመስልሻል? ጥሩ ደንበኛ በዚህ ሊጠፋ ይችላል።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን የባለቤትሽን ጭንቀት ሜዳ ላይ ጥዬው አልሄድም። 31 ሺህ ዶላር በአንዴ መክፈል ያማል። ለምን እንዲህ ሆነ? ተቀጥሮ ሲሠራ ታክሱ ከደሞዙ እየተቆረጠ ስለነበር አልታየውም። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) የሚከፈለውንም ግማሹን አሠሪው ይችልለት ነበር። በግሉ ሲሠራ ሁለቱም ድርሻ የእሱ ሆነ፤ 15.3 በመቶ። ያ የሚመጣው ከመደበኛው የገቢ ታክስ በላይ ነው። የሚቆርጥለት ሰው ደግሞ የለም። በዓመት አራት ጊዜ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ እየገመተ መክፈል ነበረበት። ይህን ቀድሞ ያስረዳው ሰው ያለ አይመስለኝም። በግላቸው ሥራ የጀመሩ ብዙ ልጆቻችን የመጀመሪያው ኤፕሪል ላይ እንዲሁ ይደነግጣሉ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ይህንን ንገሪው። ደስ ይለዋል።

በሕጋዊ መንገድ መቀነስ የሚቻል ብዙ አለ። እዚያው ሜሪላንድ ኤል.ኤል.ሲ የሚባለውን አነስተኛ ኩባንያ ከፍቶ፣ ለታክስ ኤስ ኮርፖሬሽን በሚባለው ዓይነት መታየት ይችላል። ለራሱ ተገቢ ደሞዝ ይከፍላል፤ ከደሞዙ የተረፈው ትርፍ ላይ ያ 15.3 በመቶ አይነካውም። ለብቻው ለሚሠራ ሰው የተፈቀደ የጡረታ ቁጠባ አለ፤ ሶሎ 401 ኬ ይባላል። ጣሪያው ለ2025 በድምሩ 70 ሺህ ዶላር ነበር። ገቢው የሚፈቅደውን ያህል ሲያስገባ በዚያው ልክ የሚታሰብበት ገቢ ይቀንሳል፤ ገንዘቡም የእናንተው ነው። ቤዝመንቱን ለሥራ ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ ወጪ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ከንግድ ገቢው እስከ 20 በመቶ የሚቀነስበትም ሕግ አለ፤ ገቢያችሁ ከፍ ካለ ግን ይጠብባል። አንቺም መርዳት ትችያለሽ። ሆስፒታልሽ ከደሞዝሽ የሚቆርጠውን ታክስ ከፍ እንዲያደርግ ፎርም ደብሊው 4 ብትሞዪ፣ ኤፕሪል ላይ የሚመጣው ዱብ ዕዳ ይቀልላል። እኔ ብሆን የምጀምረው በዚህ ነው። በአንድ ፎርም ያልቃል።

አሁን እንዴት ታወሪዋለሽ? አኩርፎ ባለበት ሰዓት፣ ልጆች ፊት፣ ወይም አንቺ ከናይት ሺፍት ደክመሽ በመጣሽበት ጠዋት አይሁን። ሁለታችሁም ያረፋችሁበት ቀን ምረጪ። ቡናውን አፍዪና ከወረቀቱ ሳይሆን ከእሱ ጀምሪ። "ያን ሌሊት እንዳልተኛህ አይቻለሁ። እኔም አልተኛሁም። ለእኛ ብለህ እንደምትሮጥ አውቃለሁ" በይው። ከዚያ ያስከፋሽንም አትዋጪው። "ገንዘቡ ሳይነገረኝ መላኩ ከፍቶኛል። ስሜ የሚገባበትን ነገር ከአንተ ቀድሜ ልስማ" በይው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው፦ "አንድ ባለሙያ ጋ አብረን እንቅረብ። እሱ ይሁን ካለ እንደገና እንነጋገራለን።" ባል ከሚስቱ ይልቅ ከማያውቀው ሰው ሲሰማ የማይሸነፍ የሚመስለው ጊዜ አለ። ያንን ዕድል ስጪው።

የምትሄዱበት ሰው የውጭ ኩባንያ ፎርሞችን የሠራ ሲ.ፒ.ኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ወይም የታክስ ጠበቃ ይሁን። በየዓመቱ ሪተርን የሚሞላላችሁ ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ሌላ ሙያ ነው። ስትደውሉ "ፎርም 5471 ስንት ጊዜ ሠርተሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ወኪሉ የላከውን ወረቀት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ አበልጃችሁ። የቤት ኪራይ የላከላችሁ ሰው ነው፤ ውለታው ትልቅ ነው። ውለታው ግን ምክሩን ሁሉ እንድትቀበሉ አያስገድድም። ወኪሉ ከሚያመጣለት ሰው ኮሚሽን ይከፍለው ይሆን? አላውቅም፤ አንቺም ሳታረጋግጪ አትጠርጥሪው። ብጠየቅ፣ የሠራለትን ለወንድሙ ያካፈለ ሰው ነው ብዬ ነው የማስበው። የሚነግረው ባለቤትሽ ቢሆን ይሻላል፤ አንቺ ከነገርሽው "ሚስቱ ከለከለችው" ይሆናል። ቃሉም አጭር ይሁን፦ "አስበህልናልና እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሜሪካዊ ስለሆንን ለእኛ ሕጉ ሌላ ነው፤ አይሆንልንም።" ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። የልጁ ልደት ሲደርስ እንደ ወትሮው ደውሉለት፤ ልጁም ያናግረው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር መደረግ አለበት። ባለቤትሽ ለወኪሉ በጽሑፍ ይጠይቀው፤ በኢሜይል፣ በስልክ አይደለም። "ኩባንያው ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም? ካልተመዘገበ አቁም። የእህቴን ፓስፖርት ኮፒ አጥፋና አጥፍቻለሁ ብለህ ጻፍልኝ።" የላከው ግማሽ ገንዘብ ላይመለስ ይችላል። ይቅር። ካልተመዘገበና ገቢ ካልገባበት እስካሁን ምንም የተጣሰ ነገር የለም። ቀድሞ ተመዝግቦ ከተገኘም አትደንግጡ፤ ባዶ ኩባንያ ይዘጋል፣ ፎርሙም በዚህ ዓመት ሪተርን ላይ በጊዜው ይገባል። ያኔ ግን ከሲ.ፒ.ኤው በፊት የታክስ ጠበቃ ጋ ሂዱ። ለጠበቃ የምትነግሩት በምስጢር የተጠበቀ ነው፤ ነገሩ ወደ ወንጀል ቢያመራ ለሒሳብ ባለሙያ የነገራችሁት ግን ያን ያህል ጥበቃ የለውም። ለእህቱም ባለቤትሽ ራሱ ደውሎ ምን ሊደረግ እንደነበርና ለምን እንደቀረ ይንገራት። ምን መልስ እንደመጣ ጻፊልኝ።